ቀርፋፋ ነኝ ብለሽ ለፈራሽው

እህቴ፣ ለአውሮፕላን ጥገና ሥልጠና ተቀብለውሻል፤ ዱባይ ያለው ወንድምሽ ግን ተበድሮ ውጭ አገር አብራሪነት ሊያስተምርሽ ይፈልጋል። አንቺ ደግሞ የሞተር እሳት ማስጠንቀቂያ ሲጮህ በቪዲዮ አይተሽ «እኔ ቀርፋፋ ነኝ፣ አልችለውም» ብለሻል።

የፍጥነቱን ነገር ተዪው። ቦይንግ 737 ላይ ደወሉ ሲጮህ የመጀመሪያው ሥራ አውሮፕላኑን ማብረር ነው። ገና እየተነሣ ከሆነ፣ በብዙ አየር መንገዶች ደንብ 400 ጫማ ከፍታ ሳይደርስ የሞተሩ መቆጣጠሪያ አይነካም። ከዚያ አውቶስሮትሉ (የሞተሩን ኃይል በራሱ የሚያስተካክለው ሥርዓት) ይለቀቃል፣ ስሮትሉ (የሞተሩ ኃይል ማስተካከያ ዘንግ) ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ነዳጁ ይቋረጣል፣ የእሳት እጀታው ይሳባል። ከስሮትሉ ጀምሮ በእያንዳንዱ ላይ አንዱ አብራሪ እጁን አሳርፎ የትኛው ሞተር እንደሆነ ይናገራል፤ ሌላው አይቶ ሳያረጋግጥ ምንም አይንቀሳቀስም። እጀታው ሲሳብ ነዳጅና ሃይድሮሊክ ይዘጋሉ፣ ጄኔሬተሩ ይቋረጣል። የእሳት ማስጠንቀቂያ መብራቱ ካልጠፋ እጀታው ዞሮ ለ1 ሴኮንድ ይያዛል፤ ሃሎን የሚባል እሳት ማጥፊያ ጋዝ ከያዙት ሁለት ጠርሙሶች አንዱ ይለቀቃል። 30 ሴኮንድ ተጠብቆ አሁንም ከበራ ሁለተኛው ይለቀቃል። ሦስተኛ ጠርሙስ የለም፤ ቅርብ ወዳለው ተስማሚ ማረፊያ መሄድ ነው።

በ1989 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ኬግዎርዝ አጠገብ በወደቀው አውሮፕላን የተበላሸው የግራው ሞተር ሲሆን አብራሪዎቹ ያጠፉት የቀኙን ነበር፤ 47 ሰው ሞተ። በ2015 እ.ኤ.አ. ታይዋን ውስጥ ታይፔ ላይም ኃይል ያጣው ሁለተኛው ሞተር ሆኖ ሳለ ደህናውን አንደኛውን አጠፉት፤ 43 ሰው አለቀ። ሁለቱም ጋ የጎደለው ቆም ብሎ ማረጋገጥ ነው። አንቺ «ቀርፋፋነት» የምትዪው ጠባይ እዚህ ሥራ ውስጥ ይፈለጋል።

ጥገናው ውስጥ ደግሞ ይበልጥ ይፈለጋል። በሞተሩ ዙሪያ ሁለት የእሳት መለያ መስመሮች ተዘርግተዋል፤ በተለመደው አሠራር ደወሉ የሚጮኸው ሁለቱም ሙቀት ሲያዩ ነው። መስመሩ ከብረት ጋር ተፋትጎ ሲላጥ ወይም ማገናኛው ውስጥ እርጥበት ሲገባ ምልክቱ ይዛባል። የሞቃት አየር ቱቦ ከተሰነጠቀም ነበልባል ሳይኖር ማስጠንቀቂያ ሊመጣ ይችላል። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ቴክኒሺያን ተፈላጊ ነው።

ወንድምሽ ስለሚወድሽ ነው፣ ይገባኛል፤ ግን ተሳስቷል። በ200 ሰዓት በረራ ገደማ የሚገኘው የአብራሪነት ፈቃድ ብቻውን ለቅጥር ዋስትና አይሆንም፤ የአንድ አውሮፕላን ዓይነት ሥልጠና ሌላ ወጪ አለው፣ ዕዳው ደግሞ ደመወዝ እስኪመጣ አይጠብቅም። ይህን በስልክ ሳትለሳልሺ ንገሪው።

መነጽርሽ አያሳስብሽ፤ በመነጽር ተስተካክሎ የሚያይ ዓይን በዓለም አቀፉ መስፈርት ይፈቀዳል።

የጥገናውን ቦታ ያዢ። አብራሪነቱን ካልተውሽው፣ አየር መንገድ ራሱ አብራሪ የሚያሠለጥንበት ማስታወቂያ ሲወጣ አመልክቺ፤ የዕድሜ ገደቡን ግን ዛሬውኑ ጠይቂ።