ሄልሜቴን ስፕሬይ ልቀባው?

ጥያቄ፦ ጅማ ጅሬን አካባቢ ሳይት ላይ ግንበኛ ነኝ፣ የሁላችንም ሄልሜት ቢጫ ስለሆነ በየቀኑ ይቀያየርብኛል፣ ስፕሬይ ቀለም ብቀባውስ?

መልስ፦ ኧረ ተወው ወንድሜ! ቀለሙ ውስጥ ያለው ቲነር ፕላስቲኩን ሊያዳክመው ይችላል፣ ስንጥቅ ቢኖር ደሞ ይሸፍንብሃል። ይልቅ ስምህን ትንሽ ስቲከር ላይ ጽፈህ ለጥፍበት፣ ብቻ እንደ ባጃጅ በጥቅስ እንዳትሞላው 😄 አዲስ ስትገዛ ግን ከቀለሙ በፊት ገልብጠህ ውስጡን እየው፣ የተመረተበት ዓመትና ወር አብዛኛውን ጊዜ እዛ ተቀርጿል፣ ጭንቅላትህን የሚይዘው ማሰሪያም በልክህ የሚጠብቅና የሚላላ ይሁን። በማሰሪያውና በፕላስቲኩ መሃል ያለው ክፍተት ምቱን እንዲያበርድ ነው የተተወው፣ ሲጋራ ምናምን እዛ የምትወሽቁ ልጆች አላችሁ አይደል? አንዴ ብሎኬት ካረፈበት ደሞ ደህና ቢመስልም ቀይረው።