ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ ይደባለቅብኛል

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ከደሴ ነው የምፅፍላችሁ። አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሂሳብ ሰራተኛ ነኝ። ጠዋት 2፡30 ከገባሁ እስከ ምሳ ከወንበሬ አልነሳም፣ ብነሳ ስራው ይቆለልብኛል ብዬ ነው። ግን ከ9 ሰዓት በኋላ ጭንቅላቴ አልሰራም ይላል፣ ባለፈው ወር 5,400 ብሩን 4,500 ብዬ አስገብቼ ሁለት ቀን ሙሉ ስፈልገው ዋልኩ። ሲደክመኝ ስልኬን አንስቼ ቲክቶክ አያለሁ፣ ስመለስ ግን ብሶብኝ ነው። አለቃዬ ደግሞ ሰው ሲነሳ ካየ ፊቱ ይጠቁራል። እረፍትሽን በፕሮግራም አርጊው ይሉኛል፣ እንዴት ነው የሚደረገው?

መልስ፦ እህቴ፣ ያቺን 5,400 ሳነብ አንጀቴ ነው የተላወሰው፣ እኔም መዝገብ ላይ ስለቆየሁ አንድ ቁጥር ሁለት ቀን ማሰስ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። (ለሌላ ጊዜ ሂሳቡ አልገጥም ሲልሽ በሁለቱ ድምር መሀል ያለው ልዩነት ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ መጀመሪያ የተገለባበጠ ቁጥር ፈልጊ፣ ያንቺው 900 ለ9 ሲካፈል 100 ነው።)

ይሄ ስህተት የስንፍና አይደለም፣ የድካም ነው። ድካም ደግሞ ሲመጣ አይታወቅም፣ እጃችን ይፅፋል አይናችን ያያል፣ ሀሳባችን ግን ከሄደ ቆይቷል፣ እኛ እየሰራን ይመስለናል። ስለዚህ እረፍት ሳይደክምሽ በፊት በሰዓቱ ነው የሚወሰደው፣ ከዛልሽ በኋላ 5 ደቂቃ የትም አያደርስሽም።

ፖሞዶሮ የሚባል የታወቀ ዘዴ አለ፣ በጣሊያንኛ ቲማቲም ማለት ነው። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ተማሪ እያለ ጥናት አልገባ ሲለው ቲማቲም የምትመስል የኩሽና ሰዓት እየሞላ ማጥናት ጀመረ፣ 25 ደቂቃ ስራ 5 ደቂቃ እረፍት፣ አራት ዙር ሲሞላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ረዘም ያለ እረፍት። እኔ ግን ለሂሳብ ስራ 25ቷ ታጥራለች ባይ ነኝ፣ ባንክ ሪኮንሲሌሽን (መዝገብሽን ከባንኩ መግለጫ ጋር ማስታረቅ) ጀምረሽ ሳይገጥምልሽ ሰዓቷ ትጮህብሻለች። 50 ደቂቃ ስሪና 10 ደቂቃ ተነሺ። ከመነሳትሽ በፊት የት መስመር ላይ እንደቆምሽ በቁራጭ ወረቀት ፃፊ፣ ያለዚያ ስትመለሺ 10 ደቂቃው ፍለጋ ላይ ያልቃል።

ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ቡናሽን ጠረጴዛሽ ድረስ አታስመጪ፣ ራስሽ ሄደሽ ጠጪ። የከሰዓቱን ደግሞ እኛ ወሎ ውስጥ ማንም ማስታወሻ ሳይሞላ የሚያስታውሰን ነገር አለን፣ የአስር ሰላት፣ የሙስሊሞች የከሰዓት በኋላ ስግደት። 9፡30 አለፍ ሲል ነው የሚገባው፣ ልክ አንቺ ጭንቅላቴ አልሰራም የምትዪበት ሰዓት ላይ ማለት ነው። ሙስሊም ከሆንሽ ውዱእ አርገሽ ሰግደሽ ነይ፣ ክርስቲያንም ከሆንሽ ጓደኞችሽ ለሰላት ሲነሱ አብረሽ ተነሺና ግቢውን ዞር ዞር በዪ፣ አዛኑን እንደሆነ ሁላችንም እኩል ነው የምንሰማው።

ቲክቶኩን ግን ተይው በእናትሽ። ከስክሪን ተነስቶ ስክሪን ላይ አይን መትከል ምን እረፍት ነው፣ ስክሪን ስናይ አይናችን መርገብገቡን ይቀንሳል፣ የሚደርቀውም የሚቆጠቁጠውም ለዛ ነው። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ቢያንስ 6 ሜትር የሚርቅ ነገር እዪ ይላሉ የአይን ሰዎች፣ መስኮትሽ ወደ ጦሳ የሚያይ ከሆነማ ምን ትፈልጊያለሽ፣ ተራራውን እዪ።

አለቃሽን ተደብቀሽ አትነሺበት፣ የሚያስጠረጥረው እሱ ነው። ጠዋት ፊቱ ፈታ ሲል ጠብቀሽ ግቢና «ባለፈው ወር አንድ ቁጥር ሁለት ቀን በላችብን፣ ለሁለት ሳምንት በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ልነሳና የወሩን መዝጊያ አብረን እንየው» በዪው። ሁለቱን ቀን እሱም አልረሳውም።