የብድር ውሉ ዋና ጠፍቶ ኮፒው ብቻ ሲቀር

«ኮምቦልቻ ላይ ለጎረቤቴ 80,000 ብር አበድሬ የተፈራረምንበት ውል በ2014ቱ ጦርነት ቤቴ ሲዘረፍ ጠፋ። የቀረኝ ፎቶ ኮፒው ነው፤ ፍርድ ቤት ይቀበለኛል?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድማችን፦

አብሽር፣ ኮፒ ስለሆነ ብቻ መዝገብህ አይዘጋም። ክስ ሲከፈትማ ሁሉም የሚያያይዘው ኮፒ ነው፤ ዋናው ተፈላጊ የሚሆነው ተከሳሹ መልስ ከሰጠ በኋላ ነው። ውሉን ለይቶ ካልካደ እንዳመነ ይቆጠራል። «ፊርማው የኔ አይደለም» ካለ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ የፎረንሲክ መርማሪ የብዕሩን ጫናና የመስመሩን አካሄድ የሚያነበው ከዋናው ላይ እንጂ ከፎቶ ኮፒ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው። (500 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ታውቃለህ፤ ሕጉ ግን የ1952 ነው።) ስለዚህ «ብሩን ሲቆጥርለት አይቻለሁ» የሚል ምስክር ብቻ ይዞ መሄድ አያዋጣም። መውጫው አንቀጽ 2003 ነው፦ ሰነዱ መውደሙ፣ መሰረቁ ወይም መጥፋቱ ከተረጋገጠ ምስክር ይሰማል። መጀመሪያ መጥፋቱ፣ ይዘቱ ከዚያ በኋላ።

ምስክሮችህንም በዚሁ ቅደም ተከተል ለሁለት ክፈላቸው። ቤቱ መዘረፉንና ወረቀቱ እዚያ መቀመጡን የሚያውቁት ለመጥፋቱ፤ ውሉ ላይ በምስክርነት የፈረሙት ለይዘቱ። ከክሱ ጋር በምታያይዘው ዝርዝር ላይ እያንዳንዱ ምን እንደሚያስረዳ ለይተህ ጻፍ። ሰነድ ደግሞ ከአሁኑ ካላያያዝክ በኋላ ማስገባቱ በቂ ምክንያት ያስጠይቅሃል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 256 የሚለው ይህንኑ ነው። ያኔ ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ አመልክተህ ከነበረ ደብዳቤውን ፈልገህ አያይዝ። ዛሬ የሚጻፈው «ሰምተናል» ከማለት ስለማያልፍ ክብደቱ ያንሳል።

ያንን ፎቶ ኮፒ «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» አስብለህ ለማስመታት አትድከም። የሚመሳከርበት ዋና በሌለበት ማኅተሙ ምንም አይጨምርልህም፣ እንዲያውም ጥያቄ ያስነሳብሃል።

ውሉ መንግሥት ቤት ተመዝግቦ ከነበረ ግን ቀሪው እዚያ ስለሚኖር ከሁሉ በፊት የተረጋገጠ ግልባጭ ጠይቅ። እምቢ ካሉህ በዚያው በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 145 መሠረት ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርበው አመልክት። በወሎ በዚያ ጊዜ መዛግብት የወደሙባቸው መሥሪያ ቤቶች ስላሉ «ፋይሉ የለም» ሊሉህ ይችላሉ። ይህንኑ በደብዳቤ አስጽፈህ ውሰድ፤ ለአንቀጽ 2003 እሱም ማስረጃ ነው።