መልስ፦ ወንድሜን የመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ላይ ታስሮ አገኘሁት፤ እራት አልበላም ብሎ ስለጮኸ ሌሊቱን ሙሉ እንዳሰሩት ነገረኝ፤ ተረኛው ነርስ ግን «በሽተኛ የሚለውን ታምኛለሽ?» አለኝ። ለማን ላመልክት?

ዛሬውኑ ለክፍሉ ኃላፊ ነርስና ለሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ተረኛው ነርስ «በሽተኛ የሚለውን ታምኛለሽ?» ማለቱ አያግድዎትም። ማሰር የሚገባው ሕመምተኛው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ሲል፣ ሌላው መንገድ ሁሉ ካልሠራ በኋላ፣ በሐኪም ትእዛዝና በቅርብ ክትትል ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። እራት አልበላም ብሎ ስለጮኸ ሌሊቱን ሙሉ ማሰር ግን ቅጣት ነው እንጂ ሕክምና አይደለም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18ም ኢሰብአዊ አያያዝን ይከለክላል።

ማመልከቻው ላይ «ተበደለ» ብለው ብቻ አይተዉት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በምን እንደታሰረና ተረኛው ማን እንደነበረ ይጻፉ፤ የሐኪሙ ትእዛዝ ካርዱ ላይ መስፈሩንም ይጠይቁ። ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም ያስመቱ። መልስ ካጡ ወደ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ይሂዱ፤ በአዋጅ ቁጥር 210/1992 መሠረት ቤተሰብም በቃል ወይም በጽሑፍ፣ ያለ ክፍያ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ በንዴት ፈርመው አያስወጡት። እኔ የእናቴ አንጓ ላይ የጨርቅ ማሰሪያው የተወውን ሰንበር ባየሁበት ምሽት ፈርሜ ወደ ቤት ወሰድኋት፤ መድኃኒቷ ተቋርጦ ሕመሟ ስለባሰባት በሁለተኛው ሳምንት መልሼ አስተኛኋት። ያን ጊዜ ሰንበሩ ጠፍቶ ስለነበር የማሳየው ማስረጃ አልነበረኝም። ስለዚህ የወንድምዎን እጅ ምልክቱ ሳይጠፋ ፎቶ ያንሱ፤ ሐኪም አይቶ ካርዱ ላይ እንዲጽፈውም ይጠይቁ።