መጀመሪያ የልጆቹን ቁመት ለኩ

የእረፍት ጊዜ በተቃረበ ቁጥር የሚደርሱኝ መልእክቶች አንድ ዓይነት እየሆኑ ይመጣሉ። ባህር ዳርቻ ላይ ያለ፣ ምግቡም መጠጡም በአንድ ክፍያ የተጠቃለለ (ኦል ኢንክሉሲቭ)፣ ዋተር ፓርክ (ስላይድ የሚባሉ የውሃ መንሸራተቻዎች ያሉበት መዝናኛ) ያለው፣ ለልጆች የሚመች ሪዞርት እንዴት ይመረጣል? ጥያቄው ተመሳሳይ ቢመስልም የቤተሰቡ ሁኔታ ይለያያል። ስለዚህ ለየብቻ ልመልስ።

“ሦስት ልጆች አሉኝ፤ የ2፣ የ6 እና የ13 ዓመት። ፎቶው ላይ ሁሉም ሪዞርት ያምራል። ለሦስቱም የሚሆን እንዴት ላግኝ?”

እህቴ፣ ፎቶውን ለጊዜው ተይውና ሜትር አውጪ። ልጆቹን ጫማ አስወልቀሽ ግድግዳ አስጠግተሽ ለኪያቸው። ዋተር ፓርክ ውስጥ ማን የት እንደሚወጣ የሚወስነው ከዕድሜ ይልቅ ቁመት ነው። ትልልቆቹ ስላይዶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው 120 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። መለስተኞቹ ላይ ወደ 107 ዝቅ ይላል። የ6 ዓመት ልጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ሁለቱ መሃል ነው ያለው።

ለዚህ ነው ሪዞርቱን በመካከለኛው ልጅሽ ምረጪ የምልሽ። ትንሹ ቁርጭምጭሚቱን በማታልፍ ውሃ ውስጥ ባልዲ ይዞ ቀኑን ሙሉ ይረካል። ትልቁ የትም ይወጣል። መካከለኛው ግን ታላቁን ተከትሎ በሙቀት ተሰልፎ፣ ደረጃውን ሁሉ ወጥቶ፣ መጨረሻ ላይ መለኪያው እንጨት ሥር ይቆማል። አንገቱን ያስረዝማል፣ በእግሩ ጣቶች ይነሳል። ሠራተኛው ተረከዙን ወደ መሬት እንዲመልስ ይነግረዋል። ከዚያ ያንን ሁሉ ደረጃ ብቻውን ይወርዳል። ይህ ልጅ ቀኑን ሙሉ ቢያኮርፍ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ለሪዞርቱ ኢሜይል ስትጽፊ “ስንት ስላይድ አላችሁ?” አትበያቸው። “116 ሴንቲ ሜትር የሆነ ልጅ የትኞቹ ላይ መውጣት ይችላል? ከወላጅ ጋር በአንድ መንሳፈፊያ ጎማ የሚወርድበትስ አለ?” ብለሽ ጠይቂ። ጎማ ላይ በጋራ የሚወረድበት ስላይድ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ትልቅ በረከት ነው። እሱም ቢሆን የጋራ የክብደት ገደብ ስላለው አብረሽ ጠይቂው። ሃያ ስላይድ ኖሮት ልጅሽ ሦስቱን ብቻ ከሚችልበት ይልቅ፣ ስምንት ኖሮት ስድስቱን የሚችልበት ይሻለዋል።

ለትንሹ ደግሞ የሕፃናቱ ገንዳ ጥልቀት ስንት እንደሆነና ከላዩ ጥላ መኖሩን አጣሪ። ለ13 ዓመቱ የታዳጊዎች ክበብ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የዕድሜ ክልሉን እይ። ከ5 ዓመት ልጆች ጋር ቀለም እንዲቀባ ከተደረገ ሁለተኛ አይሄድም።

“ኦል ኢንክሉሲቭ ነው ተብለን ሙሉውን ከፍለን ሄድን። እዚያ ስንደርስ የዋተር ፓርኩ ለብቻው ነው ተባልን። ይህ ትክክል ነው?”

የሚያናድድ ነገር ነው፤ ግን የተለመደ ነው። ኦል ኢንክሉሲቭ የሚለው ስያሜ በየአገሩ አንድ ወጥ መለኪያ የለውም። እያንዳንዱ ሆቴል የራሱን ዝርዝር ያወጣል። እንዲያውም ሐሳቡን በዓለም ካስተዋወቁት ዋነኛው የሆነው ክለብ ሜድ፣ በፈረንጆቹ 1950 በስፔኗ ማዮርካ ደሴት በድንኳን ሲጀምር ክፍያው ማረፊያውን፣ ምግቡንና ስፖርቱን የጠቀለለ ነበር። በኋላ በክለቡ መንደሮች ውስጥ እንግዶች ለባር መጠጥ የሚከፍሉት አንገታቸው ላይ ካጠለቁት ዶቃ እየፈቱ ነበር። ሁሉም ነገር በአንድ ክፍያ አልነበረም ማለት ነው።

ዋተር ፓርኩን በተመለከተ ሦስት ዓይነት አሠራር አለ። አንደኛው ፓርኩ ሪዞርቱ ግቢ ውስጥ ሆኖ እንግዳ ሁሉ በእጅ ማሰሪያው በነፃ ይገባል። ሁለተኛው ፓርኩ የዚያው ድርጅት ሌላ ሆቴል ውስጥ ሆኖ በአውቶቡስ ይኬዳል። ሦስተኛው ደግሞ ለውጭ ሰውም ትኬት የሚሸጥ ትልቅ ፓርክ ሆኖ የሆቴሉ እንግዳ ቅናሽ ብቻ ያገኛል፣ ወይም ለተወሰነ ቀን ብቻ ይገባል። ማስታወቂያው ላይ ሦስቱም “ከዋተር ፓርክ ጋር” ተብለው ይጻፋሉ።

እንግዲህ ከመክፈልህ በፊት በጽሑፍ አስመልስ። ፓርኩ ለእኛ በየቀኑ ክፍት ነው? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ጎማ፣ ሎከርና ፎጣ ለብቻ ይከፈልባቸዋል? የመጨረሻው ቀን ክፍሉን ካስረከብን በኋላ መግባት እንችላለን? ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ በረራው ማታ ለሆነ ቤተሰብ ግማሽ ቀን ታተርፍለታለች። መልሱን በስልክህ ይዘህ ሂድ። እንግዳ መቀበያው ላይ ክርክር ቢነሳ ከጩኸት ይልቅ የሚሠራው እሱ ነው።

“ልጄ ገና 5 ወሯ ነው። አማቴም አብረውን ይሄዳሉ፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዋተር ፓርክ ያለበት መሄድ ለእኛ ትርጉም አለው?”

ትልልቅ ልጆች ከሌሉሽ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የለውም። ለማትጠቀሙበት ነገር ትከፍላላችሁ፤ ጫጫታውም ከእንቅልፏ ጋር አይስማማም። ትናንሽ ሪዞርቶችን እዩ። ትልልቅ ልጆች ካሉ ግን ከሕንፃው ይልቅ የግቢውን ካርታ አጥኚ። ብዙዎቹ ሪዞርቶች የተንጣለሉ ናቸው። ከክፍል እስከ ምግብ ቤት አሥር ደቂቃ በእግር መሄድ ጉልበት ለሚያማቸው ሰው በቀን ሦስቴ የሚደጋገም ፈተና ነው። ለዋናው ሕንፃ ቅርብ የሆነ፣ ምድር ቤት ወይም ሊፍት ያለው ክፍል በጽሑፍ ጠይቂ።

ሕፃኗን በተመለከተ፣ የሕፃናት ሐኪሞች ከ6 ወር በታች ላለ ልጅ ዋናው መከላከያ ጥላና ስስ ልብስ እንጂ የፀሐይ ክሬም እንዳልሆነ ይመክራሉ። ስለዚህ ገንዳው ዳር ያለው ጥላ ከሁሉም በላይ ያስፈልግሻል።

“አንታሊያ፣ ሁርጋዳ ወይስ ካሪቢያን? መቼስ እንሂድ?”

ባህሩንና ወቅቱን ነጣጥላችሁ አትዩት።

የቱርኳ አንታሊያ ስትባል አንድ ቦታ ይመስላል፤ ዳርቻው ግን ይለያያል። ቤሌክና ሲዴ አካባቢ በአብዛኛው አሸዋ ነው። ከመር አካባቢ ጠጠር ይበዛል። ጠጠር ላይ ሕፃን ልጅ እንደልቡ አይሮጥም፤ የውሃ ጫማ ያስፈልገዋል። ወቅቱ በፈረንጆቹ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ኦክቶበር ነው። ከዚያ ውጭ ሆቴሉ ክፍት ቢሆንም ስላይዶቹ ሊዘጉ ይችላሉ። በእነሱ የብርድ ወራት ዋጋው ሲወርድ ያያችሁ ሁሉ ይህን ጠይቁ።

ሁርጋዳና ሻርም ኤል ሼክ ግብፅ ውስጥ ቀይ ባህር ላይ ናቸው። ባህሩ በእነሱ የብርድ ወራትም ወደ 22 ዲግሪ ይጠጋል፤ ገንዳው ግን ካልሞቀ ልጆች ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ ይወጣሉ። የሚሞቀው የትኛው ገንዳ እንደሆነ ለይታችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ስላይዶቹ ያሉበት ገንዳ አይደለም። ሌላው ኮራሉ (ውሃው ሥር ያለው ድንጋይ መሰል የባህር ፍጥረት) ነው። በተለይ ሻርም ላይ አንዳንድ ሪዞርቶች በቀጥታ ኮራል ፊት ለፊት ስለሆኑ ወደ ባህሩ የሚገባው በእንጨት ድልድይ ተሄዶ ጥልቁ ላይ ነው። ዓሣ ማየት ለሚወድ ዋናተኛ ገነት ነው። የ4 ዓመት ልጅ ላለው ሰው ግን ባህሩ ከሩቅ የሚታይ ብቻ ይሆንበታል። “ከዳርቻው በእግር፣ በአሸዋ ላይ መግባት ይቻላል?” በሉ።

ካሪቢያን ላይ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ካንኩንና ፑንታ ካና ላይ ደግሞ ከ2011 ወዲህ ሳርጋሰም የሚባል ቡናማ የባህር አረም በብዛት እየመጣ ዳርቻውን ይሸፍናል። በብዛት የሚታየው በፈረንጆቹ ከኤፕሪል እስከ ኦገስት አካባቢ ነው። ሲበሰብስ ይሸታል። በዚያ ወቅት መሄድ ግድ ከሆነ ዋተር ፓርኩ ያድናችኋል፤ ባህሩን ብላችሁ ከሄዳችሁ ግን ወቅቱን ቀይሩ።

“ላይፍ ጋርድ ካለ እኔና ባለቤቴ ትንሽ ማረፍ እንችላለን ማለት ነው?”

ዕረፍቱ ይገባችኋል። ግን በተራ ይሁን።

ይህን ጥያቄ ከሁሉም አስረዝሜ እመልሳለሁ፤ ምክንያቱም ሌላው ስህተት ሁሉ ገንዘብ ነው የሚያስከፍለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2021 ወደ 300,000 ሰዎች በውሃ መስጠም ሞተዋል። ከአራቱ አንዱ ያህል ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ነበር። የሚሰጥም ልጅ ደግሞ አይጮህም። መጮህ ትንፋሽ ይጠይቃል፤ እሱ ትንፋሹን ለማግኘት እየታገለ ነው። እጁን አያውለበልብም፤ ውሃውን ወደ ታች እየገፋ ራሱን ቀና ለማድረግ ይሞክራል። አጠገቡ ያለ ሰው እየተጫወተ ነው ብሎ ያልፈዋል። ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከሥር ሊሆን ይችላል።

ላይፍ ጋርዱ የሚጠብቀው ገንዳ ሙሉ ሰው ነው። የእናንተ ሰው የሚጠብቀው የእናንተን ልጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ተራ ያዙ። ተራው የደረሰው ሰው ስልኩን ለሌላው ይሰጣል፣ መጽሐፍ አይዝም፣ አልኮል አይቀምስም። “እያየሁ ነው” ብሎ ይቀበላል፣ ተራው ሲያልቅ “ያዝ” ብሎ ያስረክባል። ትልቁ አደጋ ሁለቱም ሌላው እያየ ነው ብለው ሲያስቡ ነው። ዋና የማይችል ትንሽ ልጅ ከሆነ ደግሞ ከዳር መቀመጥ አይበቃም፤ በእጅ በሚነካ ርቀት ውሃው ውስጥ መሆን አለባችሁ።

እኔን ከትልቁ ስላይድ በላይ የሚያሳስበኝ የሞገድ ገንዳው ነው። ስላይድ ላይ አንድ በአንድ ነው የሚወረደው፤ የሚጠብቅም ሰው አለ። ሞገዱ ሲነሳ ግን መቶ ሰው አብሮ ይዘላል፣ ውሃው አረፋ ይሆናል፣ ትንሽ ልጅ ሰው እግር ሥር ይገባል። ልክ የሆነ የሕይወት ጃኬት አልብሱት። በአየር የሚነፉ የክንድ ማሰሪያዎች መጫወቻ እንጂ መከላከያ አይደሉም፤ ይወልቃሉ፣ ይተነፍሳሉ። የመዋኛ ልብሱንም ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ አድርጉት። ሰማያዊና ነጭ ውሃ ሥር ከገንዳው ወለል ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል። ከመሄዳችሁ በፊት የልጁን ልብስ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ ነክራችሁ እዩት።

ባህሩ ላይ ባንዲራ ተመልከቱ። ቀይ ከሆነ አትግቡ፤ በብዙ አገር መዋኘት ክልክል ነው ማለት ነው። ሁለት ቀይ ካያችሁ ደግሞ ባህሩ ለሁሉም ተዘግቷል። ቀይና ቢጫ ግማሽ በግማሽ የሆነው ጠባቂ ያለበትን ክልል ያሳያል፤ በሁለቱ ባንዲራዎች መሃል ሁኑ። ወደ ውስጥ የሚስብ ሞገድ ከያዛችሁ አትታገሉት። ተንሳፈፉ፣ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙ፣ እጅ አንሱ።

“የገንዳው ክሎሪን ይሸታል። ንጹሕ ነው ማለት ነው?”

አይደለም። ዓይን የሚያቃጥለው ያ ሽታ የሚመጣው ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ ነው። በደንብ የተያዘ ገንዳ ያን ያህል አይሸትም። ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ደግሞ ቢያለቅስም አታስገቡት። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ተህዋስ በክሎሪን ውሃ ውስጥ ከአንድ ሳምንት በላይ መቆየት ይችላል። ልጆች የገንዳ ውሃ እንዳይውጡ ደጋግማችሁ ንገሯቸው፤ ትንንሾቹን በየሰዓቱ ሽንት ቤት ውሰዷቸው።

“የእንግዶች አስተያየት ግማሹ ያመሰግናል፣ ግማሹ ያማርራል። የቱን ልመን?”

ኮከቡን ሳይሆን ጸሐፊውን እይ። ልጆች የሌሏቸው ጥንዶች “ጫጫታ በዛ” ካሉ ለአንተ መልካም ዜና ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ በልጆችህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ይዘው የሄዱትን፣ በዚያው አንተ በምትሄድበት ወር የጻፉትን ለይ። ከዚያ በቅሬታው ውስጥ የሚደጋገመውን ፈልግ። አንድ ሰው ስለ ፍራሽ ቢያማርር እለፈው። አራት ሰው በተለያየ ጊዜ “ግማሹ ስላይድ ተዘግቶ ነበር” ካለ እመነው። “ላይፍ ጋርዱ ስልክ ይጎረጉራል” የሚለውን ግን አንድ ሰው ብቻ ቢጽፈውም አትለፈው፤ ሌላ ሪዞርት ፈልግ።

ፎቶም ቢሆን ሆቴሉ ያነሳውን ሳይሆን እንግዶች ያነሱትን ተመልከት። ከስላይዱ ይልቅ ከኋላ ያለውን እይ። ወንበሮቹ ላይ ጥላ አለ? የደረጃው መያዣ ዝጓል? የገንዳው ወለል ይታያል? ወለሉ የማይታይ ገንዳ ፎቶ ካገኘህ ቀኑን አረጋግጥ። የቅርብ ጊዜ ከሆነ ቡኪንጉን ተወው።