የሚከራይ ቤት ግቢ ለምትይዙ ልጆች

ልጆች፣ ቢሾፍቱ ውስጥ ለቅዳሜና እሁድ የሚከራዩ ቤቶች በዝተዋል። በባቦጋያም፣ በሆራም፣ በኩሪፍቱም ሐይቅ ዙሪያ አሉ። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሰው ዓርብ ከሥራ ወጥቶ ማታውኑ እዚህ ይደርሳል። ብዙዎቻችሁም በእነዚህ ግቢዎች በአትክልተኝነት እየተቀጠራችሁ ነው። ሥራው ላይ ያረጀሁ ነኝና ጥቂት ልምከራችሁ።

የራስ መኖሪያ ግቢ ሌላ ነው። ባለቤቱ በግማሽ የተከረከመ አጥር ቢያይ ነገ እንደሚያልቅ ያውቃል። ኪራይ ቤት የሚያድር እንግዳ ግን ነገን አይጠብቅም፤ የከፈለው ለሁለት ቀን ነው። ስለዚህ ሥራችሁን እሱ ሳይመጣ ጨርሱ። ለዚህ ደግሞ ማን መቼ እንደሚገባና እንደሚወጣ ከባለቤቱ በየሳምንቱ ጠይቁ፤ ዘበኛው እስኪነግራችሁ አትጠብቁ።

ትልቁ ቀን ሰኞ ነው። ምንም መሣሪያ ሳትይዙ መጀመሪያ ግቢውን በእግራችሁ ዙሩት። ሥጋ ጠብሰው ሲጨርሱ ፍሙን ሳር ላይ የሚገለብጡ አይጠፉም። አመዱን አንሱ፣ ቦታውን በደንብ አርሱት፣ የተቃጠለውን ነቅላችሁ ጤነኛ ሳር ትከሉበት፤ ለዚህ ብላችሁ ጓሮ ውስጥ አንዲት ትንሽ የሳር መደብ ይኑራችሁ። ድንኳን ተተክሎ ከሰነበተ ሳሩ ቢጫ ሆኖ ተጋድሞ ታገኙታላችሁ። በሬክ ቀስ ብላችሁ ቀና አድርጉት፣ አጠጡት፣ በዚያ ሳምንት ግን አትጨዱት። ቆርኪና የጠርሙስ ስባሪ ቆሞ በማየት አይገኝም፣ ጎንበስ ብሎ በእጅ እየገለጡ መፈለግ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ልጅ እዚያ ሳር ላይ በባዶ እግሩ ነው የሚሮጠው።

ፍግም ሰኞ ነው የሚገባው፣ አፈር አልብሱት፣ ሽታው እስከ ዓርብ ይጠፋል። ፀረ ተባይ ከመርጨታችሁ በፊት ከተረጨ በኋላ ሰው ሳይገባ ስንት ጊዜ መቆየት እንዳለበት ዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ጊዜው ሳያልቅ እንግዳ የሚገባ ከሆነ ይቅር። ሳር ረቡዕ ወይም ሐሙስ እጨዱ። ዓርብ ከታጨደ ቁርጥራጩ በጫማ ተጣብቆ ሳሎን ይገባል። ቡጋንቪላ ስትከረክሙ እሾሁን አንድ ሳታስቀሩ ልቀሙ። የቅንጭብ አጥር ካለ ደግሞ ልጆች ከሚጫወቱበት እንዲነሳ ባለቤቱን ጎትጉቱት፣ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል።

ውሃ ላይ ተጠንቀቁ። ዓርብ ከሰዓት አበባው እንዲያምር ብላችሁ ሮቶውን ከጨረሳችሁት ማታ አሥር ሰው ሻወር ሊገባ ሲል ቧንቧው ባዶ ይሆናል። በጥልቀት ማጠጣት ያለባችሁ ሰኞና ሐሙስ በማለዳ ነው፤ ዓርብ ማሰሮ ውስጥ ያሉትን ብቻ አርከፍክፉ። ቡጋንቪላማ ውሃ ከበዛባት ቅጠል እንጂ አበባ አትሰጥም።

አሁን በጣም የምወደውን ልንገራችሁ። በሁዳዴ ሠርግ ስለማይኖር ቤቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ከፋሲካ በኋላ ግን ድግሱ ይደራረባል። ጽጌረዳ ከተቆረጠ በኋላ እንደ ዝርያውና እንደ ሙቀቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ያብባል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ስለዚህ ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ከርክሙት፣ ደረቁንና ወደ ውስጥ የሚያድገውን ቅርንጫፍ አውጡ፣ ከቡቃያዋ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ገደድ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ፍግ ስጡት፣ ሥሩን አጠጡ። ፋሲካ ሲደርስ ግቢው በአበባ ይሞላል። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑ ይቀያየራል፣ እናንተ ግን ጾሙን ተከትላችሁ ከሄዳችሁ አትሳሳቱም።

ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ጤና አዳም፣ ጠጅ ሳርና የጥብስ ቅጠል ትከሉ። እንግዶች ቡና ሲያፈሉ፣ ጥብስ ሲጠብሱ ይፈልጉታል። ከውድ የውጭ አበባ ይልቅ እነዚህን ነው አመስግነው የሚሄዱት። ሲቆርጡ ከሥሩ እንዳይነቅሉት መቀስ አጠገቡ አንጠልጥሉ።

እንግዳ እያለ የግድ መግባት ካለባችሁ አስቀድማችሁ አስጠይቁ። ከሩቅ «ደህና አደራችሁ» በሉና ሥራችሁን ሠርታችሁ ውጡ። ቅዳሜ ጠዋት ማሽን አይነሳም። ሰዎቹ ባሉበት ስልክ አውጥታችሁ አበባውን እንኳ ፎቶ አታንሱ፣ እነሱ እንደተነሱ ነው የሚሰማቸው።

የመጨረሻው የደመወዝ ነገር ነው። ክረምት ሲገባ እንግዳ ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ባለቤትም ክፍያ ሊቀንስ ይነሳል። ሳሩና አረሙ ግን በሐምሌና በነሐሴ ነው አላፈናፍን የሚለው፤ ችግኝ የሚተከለው፣ ቦይ የሚጠረገውም ያኔ ነው። ስትቀጠሩ የዓመቱን ሥራ ወር በወር ጽፋችሁ አሳዩትና ደመወዙን የ12 ወር አድርጋችሁ ተዋዋሉ።