ብሎኩ የት እንዳለ ጠይቂ

እህቴ፣ ወንድምሽ ከሦስት ሳምንት በፊት ከአንጎል ሥር ካለችው ትንሽ ዕጢ፣ ከፒቱታሪ፣ እባጭ በአፍንጫው በኩል ወጥቶለታል። ውጤቱ «ሆርሞን የማያመርት» ይላል። አሁን ሐኪሙ ከእባጩ በተወሰደው ናሙና ላይ ሌላ ምርመራ ይሠራ ብለዋል፤ «ወጥቶ ካለቀ ይሄ ሁሉ ወጪ ለምን?» ነው ጥያቄሽ። እኔም ያኔ እንዲሁ ነበር ያልኩት። አሁን ግን አሠሩለት እላለሁ።

እኔ ጅማ፣ ሂርማታ ልብስ ሰፊ ነኝ። በሽታዬን ያሳበቁብኝ ደንበኞቼ ናቸው። ሰው መጥቶ ከጎኔ ሲቆም አላየውም፤ «እንዴት ዋልክ» ሲለኝ እበረግጋለሁ። መርካቶ መንገድ ስሻገር ባጃጅ ሁለቴ ለጥቂት ነው የሳተኝ። መነጽር ቀየርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ኤምአርአይ ስነሳ ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከአንጎል ሥር ያለችው አተር የምታክል ዕጢ ላይ እባጭ በቅሎ የዓይን ነርቮች የሚሻገሩበትን ቦታ ከታች ይገፋል። (አማርኛችን እዚህ ላይ ያስቸግራል። ጤነኛውም ዕጢ፣ በሽታውም ዕጢ! እናቴ «ዕጢው ዕጢ አወጣ» ሲሏት ሐኪሙ የቀለዱ መስሏት ነበር።)

አዲስ አበባ ሄጄ ተሠራልኝ። በነጋታው አልጋ ላይ ሆኜ በሩንም መስኮቱንም እኩል አየሁ። የፓቶሎጂው፣ ማለትም የናሙናው ምርመራ ወረቀት፣ አንድ መስመር ነበረች፤ ሆርሞን የማያመርት አዴኖማ (ካንሰር ያልሆነ እባጭ)። እሷን ኪሴ ከትቼ ጅማ ገባሁ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ እባጩ ተመለሰ።

ሁለተኛው ሐኪም ገና እንደተቀመጥኩ «ብሎኩስ?» አሉኝ። ብሎክ ማለት ናሙናው ሰም ውስጥ ተቀብሮ የሚቀመጥበት ነው። ትንሽ ፕላስቲክ ላይ የተጣበቀ የጧፍ ቁራጭ ይመስላል። ለዓመታት ስለሚቆይ በኋላም ቆርጠው ቀለም ሊሠሩበት ይችላሉ። የነበረበት ቦታ ሁለቴ «የለም» ብለውኝ በሦስተኛው ጉዞ ካርቶን ውስጥ ተገኘ። እንዴት እንደተናደድኩ አልነግርሽም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው አመዳደብ፣ በ2022ም አጠናክሮ፣ እባጮቹን የሚለየው ደም ውስጥ በሚታየው ሆርሞን ብቻ አይደለም። ሴሉ ከየትኛው ዘር እንደመጣ ይታያል። ዘሩን የሚናገሩት ሴሉ ውስጥ ያሉ፣ በቀለም የሚለዩ ሦስት ፕሮቲኖች ናቸው፤ ፒት-1፣ ቲ-ፒት እና ኤስኤፍ-1። «ሆርሞን አያመርትም» ከሚባሉት አብዛኞቹ የኤስኤፍ-1 ዘር ናቸው፤ በአመዛኙ ረጋ ያሉ። የእኔ ግን ቲ-ፒት ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ አሳዩኝ፤ የሴሎቹ እምብርት እንደ ቡና ዱቄት ነጠብጣብ ቡናማ ሆኗል። ይህ ዘር ኮርቲሶልን (የጭንቀት ሆርሞን የሚባለውን) የሚያዘው ሆርሞን ዘር ነው፤ የእኔው ዝም ብሎ የተቀመጠ ዓይነት ስለሆነ ደሜም መልኬም ላይ አልታየም። ዝምተኛው ግን ወደ ጎን መግባትና መመለስ ይወዳል። አልፎ አልፎም ዝምታውን ትቶ ኮርቲሶል ከፍ ያደርጋል። ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ በየስድስት ወሩ እታይ ነበር እንጂ ዓይኔ እስኪጨልም አልጠብቅም ነበር።

ግን ቀለሙ ብቻውን ጠንቋይ አይደለም። ኦፕሬሽኑ ምን ያህል እንደተሳካ የሚወስነው በአብዛኛው እባጩ የት እንደገባ ነው። ከጎን፣ ትልቁ የደም ሥር የሚያልፍበት ክፍተት ውስጥ ከገባ፣ ጎበዝ ሰርጅንም ቢሆን ጥቂት ትቶ ይወጣል፤ ከደም ሥሩ ጋር አይታገልም። ስለዚህ «ምን ያህል ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚታመነው ኤምአርአይ ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው የሚነሳው ነው፤ ቀደም ካለ እብጠቱና ደሙ ያደናግራል።

ፕሮላክቲን (የጡት ወተት ሆርሞን) የሚያመርተው ዓይነት ሌላ ታሪክ ነው፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ በኪኒን፣ በካበርጎሊን ይጀመራል፤ የእናንተ ግን እሱ አይደለም።

ኮርቲዞን የሚባለው መድኃኒት ከታዘዘለት በራሱ እንዳያቆም። ከአፍንጫው ጥርት ያለ ውሃ ከተንጠባጠበ፣ ወይም ጥማትና ሽንት ከበዛበት፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ።

ብሎኩን ከአዲስ አበባ ራሳችሁ የምታመጡት ከሆነ ደግሞ መኪናው መስታወት ሥር እንዳታስቀምጡት። ሰም ነው፤ ጊቤ ስትወርዱ ያለውን ሙቀት ታውቂዋለሽ።